በዩኒቨርሲቲ ከተማ ቤት ስትመርጡ፦ መጀመሪያ ውሉን አወዳድሩ

ኦክቶበር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። "ልጅቷ ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቤት ፈርሚ እያሏት ነው። አጭበርባሪዎች ይሆኑ እንዴ?" ይሉኛል ወላጆች። አይደሉም። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የቤት ገበያ እንዲህ ነው የሚሄደው። አን አርበር በሉት፣ ማዲሰን በሉት፣ ኢታካ በሉት፣ ተማሪው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይገባል፣ በአንድ ሳምንት ይወጣል። የሚቀጥለው ዓመት ቤት ደግሞ የዘንድሮው ሻንጣ ሳይፈታ መከራየት ይጀምራል። አን አርበር እንዲያውም አከራዮች በጣም ቀድመው እንዳያስፈርሙ የሚገድብ የከተማ ደንብ እስከማውጣት ደርሳለች።

እኔም በተማሪነቴ እንዲህ ባለ ከተማ ኖሬያለሁ። አራት ዓመት፣ አራት ቤት። ዶርም፣ አዲስ ፎቅ፣ ወለሉ የተንጋደደ አሮጌ ቤት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የባሱ መስመር የሚያልቅበት ቦታ ያለ አፓርታማ። ሰው ቤት ሲያይ ወጥ ቤቱን፣ ጂሙን፣ ጣሪያው ላይ ያለውን መዋኛ ነው የሚያየው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኪሴን ያራቆተኝ ግን ሁልጊዜ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት ነው።

በአልጋ ወይስ በቤት

ካምፓስ አጠገብ የቆሙት አዳዲስ ፎቆች አብዛኞቹ የሚያከራዩት በአልጋ ነው። አራት መኝታ ያለው አፓርታማ ውስጥ አራት ሰው አራት የተለያየ ውል ይፈርማል። አንዱ ትምህርቱን አቋርጦ ቢሄድ ዕዳው የእሱና የኩባንያው ጉዳይ ነው፤ እናንተን አይነካም። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አልጋና ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ ይገባበታል፣ ኢንተርኔቱም እንደዚያው። ከሌላ ስቴት በሁለት ሻንጣ ለሚመጣ ልጅ ግማሹ ጣጣ ቀለለ ማለት ነው።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የባዶው ክፍል ጌታ ኩባንያው ስለሆነ ማንን እንደሚያስገባባችሁ አትመርጡም። ሩምሜት የሚያዛምዱበት ቅጽ አላቸው፤ "በጊዜ ትተኛለህ ወይስ ታመሻለህ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ሁሉም "በጊዜ" ብሎ ይሞላል። "ዩቲሊቲ ተካቷል" ሲሏችሁ ደግሞ "እስከ ስንት ድረስ?" በሉ። ብዙ ጊዜ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው ያለፈው ሂሳብ ለአራት ተካፍሎ ይመጣል። ጃንዋሪ ላይ አንዱ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቶ መስኮቱንም ከፍቶ ቢተኛ ከፋዮቹ አራታችሁም ናችሁ።

የሚያስጎበኟችሁም ቤት የእናንተ አይደለም፣ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። የእናንተ ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ፣ ቆሻሻ መጣያው በስሩ እንደሆነና እንዳልሆነ ጠይቁ። ሕንፃው ገና እየተሠራ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ ኦገስት ላይ ባያልቅ የት ያሳድሯችኋል? መልሱ ውሉ ላይ ካልሰፈረ እኔ አልፈርምም።

ወደ አሮጌው ቤት እንምጣ። እኔ በሦስተኛው ዓመቴ አምስት ሆነን ገባን። ኪራዩ ለአምስት ሲካፈል አዲሱ ፎቅ ከሚጠይቀው ግማሽ ገደማ ነበር። በረንዳ አለው፣ ጓሮ አለው፣ ደስ ይላል። ዲሴምበር ላይ አንዱ ልጅ "ለገና ቤተሰብ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ስልክ አያነሳም። በጃንዋሪ መጀመሪያ አከራዩ ኢሜይል ላከ፤ ኪራዩ ጎድሏል ይላል። "የጎደለው የእሱ ድርሻ ነው" ብለን መለስን። እሱም ምንም ሳይጨምር የውላችንን ሦስተኛ ገጽ ፎቶ አንስቶ፣ አንዲት መስመር በቢጫ ቀለም አስምሮ ላከልን። "ጆይንት ኤንድ ሰቨራል" ትላለች። ሀገር ቤት የሕግ ሰዎች "በአንድነትና በነጠላ" የሚሏት ናት። አንድ ቤት፣ አንድ ኪራይ፣ አምስት ባለዕዳ፤ አንዱ ካልከፈለ አከራዩ ሙሉውን ከመረጠው ሰው መጠየቅ ይችላል። እስከ ማርች አራታችን ተካፍለን ከፈልን። ማርች ላይ አንድ ሰው ስናገኝ ክፍሉን በግማሽ ዋጋ ሰጠነው፣ ከምንም ይሻላል ብለን።

ወላጆች፣ ይቺን መስመር ለእናንተም ነው የምነግራችሁ። ተማሪ ገቢ ስለሌለው አከራዩ ኮሳይነር ይጠይቃል፤ አባት ወይ እናት ይፈርማሉ። የፈረማችሁት ለልጃችሁ ድርሻ ነው ወይስ ለቤቱ ሙሉ ኪራይ? በአልጋ የሚያከራየው ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ለድርሻው ነው። በአሮጌው ቤት ግን ሳታውቁት የማታውቋቸው አራት ልጆች ዋስ ልትሆኑ ትችላላችሁ። "ለልጄ ድርሻ ብቻ" የሚል ቃል እንዲገባ ጠይቁ። አንዳንዱ እሺ ይላል፣ አንዳንዱ እንቢ ይላል፣ እንቢ ያለውን ትታችሁ ሂዱ።

የእኔ ምርጫ ይኼ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዶርም ለሚወጣ፣ ሩምሜቶቹን በደንብ ለማያውቅ ልጅ፣ ዋጋው ቢከብድም በአልጋ። ዓመት አብረው ኖረው ገንዘብ ተበዳድረው የተመላለሱ ጓደኛሞች ከሆኑ ደግሞ አሮጌው ቤት።

አሮጌ ቤት ስታዩ ሦስት ነገር አትርሱ። ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አከራዩ ስለ ሊድ ቀለም (መርዛማ እርሳስ ያለበት ቀለም) የሚያውቀውን እንዲነግራችሁ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቤዝመንት ውስጥ "መኝታ" ብሎ ካሳያችሁ መስኮቱን ለኩት፤ አብዛኛው ስቴት የሚከተለው የግንባታ ኮድ የእሳት ማምለጫ የሚሆነው መስኮት ከወለሉ ከ44 ኢንች እንዳይርቅና ሰው የሚያሾልክ ስፋት እንዲኖረው ይጠይቃል። ራስ ብቻ የምታወጣ መስኮት ከሆነች መኝታ አይደለም፣ ዕቃ ቤት ነው። ሦስተኛው ያለፈው ክረምት የማሞቂያ ሂሳብ ነው። ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ውስጥ ርካሽ ኪራይ ያለው ባለ አሮጌ መስኮት ቤት ፌብሩዋሪ ላይ ርካሽ አይደለም።

ስንት ሰው ይኖራል?

አምስት ሆነን ገባን ያልኩት ለነገሩ ሕገ ወጥ ሳይሆን አልቀረም። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች በአንድ ቤት ስንት ሆነው መኖር እንደሚችሉ ይገድባሉ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። ቤል ቴር የተባለች የኒውዮርክ መንደር፣ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለች፣ ዝምድና ከሌላቸው ሰዎች ከሁለት በላይ አብረው አይኖሩም ብላ ስድስት ተማሪ የተከራየውን ቤት ባለቤቶች ደንብ ጥሳችኋል አለቻቸው፤ እነሱም መንደሯን ከሰሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1974 ለመንደሯ ፈረደላት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ በዚህ መንገድ ሄዷል። ቦስተን ከ2008 ጀምሮ በአንድ ቤት ከአራት በላይ የሙሉ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አይኖርም ትላለች። ፎርት ኮሊንስ ደግሞ ለዓመታት "ዩ ፕላስ ቱ" (አንተና ሌላ ሁለት፣ ዝምድና የሌላቸው ከሦስት አይበልጡም) በሚሉት ደንብ ተማሪውን ስታሳድድ ኖራ በ2024 የኮሎራዶ ስቴት እንዲህ ያለውን ገደብ ሻረው።

ይኼ ለምን ያገባኛል ካላችሁ፣ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አከራዩ ሦስት ሰው አስፈርሞ ለሌሎቹ ሁለት ዓይኑን ይጨፍናል። ኪራዩ ለአምስት ይካፈላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጎረቤት ስለ ጩኸት ስልክ የደወለ ቀን ስማቸው ውሉ ላይ የሌለው ሁለቱ ልጆች ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ። ሦስቱ ደግሞ ኪራዩን ለሦስት ይካፈላሉ። እናም ሁለት ቤት ስታወዳድሩ የአንዱ ዋጋ የረከሰው በተደበቀ ሰው ከሆነ፣ ዋጋውን በሕጋዊው ቁጥር አካፍላችሁ እንደገና እዩት።

የቀን መቁጠሪያው ወጥመድ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ውሉ "ከኦገስት 20 እስከ ጁላይ 31፣ በ12 እኩል ክፍያ" ይላል። ቁጠሩት። አሥራ አንድ ወር ተኩል እንኳ አይሞላም፣ የምትከፍሉት ግን አሥራ ሁለት ነው። የወር ኪራይ ብቻ አታወዳድሩ። ጠቅላላውን ክፍያ በምትኖሩበት ቀን ብዛት አካፍሉ፤ ያኔ ሁለት ቤት በእኩል ሚዛን ይቀመጣል።

በዚያ ላይ ክፍተቱ አለ። ማዲሰን ውስጥ መሐል ከተማ ያለው የብዙው ተማሪ ቤት ውል ኦገስት 14 አካባቢ አልቆ አዲሱ 15 ላይ ይጀምራል። አንዲት ሌሊት የከተማው ተማሪ ግማሹ ቤት አልባ ነው፣ ዕቃው መኪና ላይ፣ ሰውየው ጓደኛ ሶፋ ላይ። ቦስተን ደግሞ ቀኑ ሴፕቴምበር 1 ነው፤ ስቶሮው ድራይቭ ላይ ያሉት ዝቅተኛ ድልድዮች በየዓመቱ የዕቃ ጫኝ መኪና ጣሪያ ይገሽልጣሉ። ምልክት አለ፣ ማስጠንቀቂያ አለ፣ አሁንም ይገባሉ። ትራኩን ቀድማችሁ ያዙ፣ በዚያ መንገድ ግን አትሂዱ።

ቅርብ ወይስ ሩቅ

ካምፓስ ስር መኖር ጥሩ ነው። በክረምት የጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ሲኖራችሁ በጣም ጥሩ ነው። ሆኖም ጥሩ ባስ ያለው ከተማ ከሆነ እኔ ሩቁን እመርጣለሁ። ቻፕል ሂል ከ2002 ጀምሮ ባስ በነፃ ነው። ዴቪስ ውስጥ ዩኒትራንስ የሚባለውን ባስ የሚነዱት ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው፤ በ1968 ሲጀምር ከለንደን በመጡ ባለ ሁለት ፎቅ ባሶች ነበር። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ርቃችሁ ፀጥ ያለ፣ ቤተሰብ የሚኖርበት ሰፈር ልትኖሩ ትችላላችሁ።

የባሱን ሰዓት ስታዩ ግን የማክሰኞ ጠዋቱን አትዩ። የእሑዱን እዩ፣ የማታውን የመጨረሻ ባስ እዩ፣ የክረምት ዕረፍቱን እዩ። እኔ የመጨረሻውን አፓርታማ የያዝኩት "በየአሥራ አምስት ደቂቃው ባስ አለ" ተብዬ ነው። እውነት ነው፣ ትምህርት ሲኖር አለ። ተማሪው ለዕረፍት ሲበተን ባሱም አብሮ ይበተናል። ላብራቶሪ ውስጥ በምሠራበት ዲሴምበር አርባ ደቂቃ በበረዶ ተጉዣለሁ።

መኪና ካላችሁም ሂሳቡን ቁጠሩ። የካምፓስ ፓርኪንግ ፈቃድ ሩቅ በመኖር ያተረፋችሁትን ሊበላው ይችላል፣ ያውም ፈቃድ ከተገኘ።

ስለ ዶርም ብዙ አልልም። ዋጋው ከምግቡ ጋር ሲደመር ያስደነግጣል፣ ብዙ ቦታ የገና ዕረፍት ላይ ይዘጋል። ነገር ግን የምትከፍሉት ለትምህርት ወራቱ ብቻ ነው፣ ኮሳይነር የለም፣ ሰው ጥሎ ቢጠፋ አይመለከታችሁም። ሁለተኛ ዓመት ላይም ቢያገኙ አይጥሉት ባይ ነኝ። የ529 ቁጠባ (ለልጅ ትምህርት የሚቀመጥ፣ የታክስ ጥቅም ያለው ሂሳብ) ያላችሁ ደግሞ ለዶርም ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ልጁ ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ለመኖሪያ ከያዘው ግምት እስካላለፈ ድረስ ለውጭ ኪራይም ይሆናል።

"ለምን አንገዛላትም?"

ይኼ ጥያቄ የእኛ ሰው ጥያቄ ነው። ለአራት ዓመት ኪራይ ከምንገፈግፍ አንዲት ኮንዶ ገዝተን ልጃችን ይኑር፣ ሌላውን ክፍል ያከራይ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና የሚሰጥበት የቤት ብድር) ላይ ልጁ ቤቱ ውስጥ እየኖረ ወላጅ አብሮ ተበዳሪ ሆኖ ሊፈርም ይችላል፤ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ቅድሚያ ክፍያው ክሬዲቱ ከደረሰ 3.5 በመቶ ነው። ወላጅ ብቻውን ቢገዛው ግን ባንኩ እንደ ኢንቨስትመንት ሊያየው ስለሚችል ቅድሚያ ክፍያውም ወለዱም ይጨምራል።

ስትሸጡም ልዩነት አለ። ካለፉት አምስት ዓመታት ሁለቱን የራሱ በሆነ ቤት የኖረ ሰው ከትርፉ እስከ 250 ሺህ ዶላር ድረስ የፌዴራል ታክስ አይከፍልበትም። የኖረው ልጁ ነው፣ ባለቤትነቱ ግን በአባቱ ስም ብቻ ከሆነ ይኼ ጥቅም አይገኝም። ከሩምሜት የምትሰበስቡት ኪራይም ገቢ ነው፣ ታክስ ላይ ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ "ቤት ከገዛን የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ዝቅ ያለ የትምህርት ክፍያ ይሰጡናል" የሚል። ቤት መግዛት ብቻውን ይኼን አያመጣም፣ የየዩኒቨርሲቲውን የነዋሪነት ደንብ አንብቡ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን አራት ዓመት አጭር መሆኑ ነው። የመግዣና የመሸጫ ወጪው ተደምሮ ቤቱ ብዙም ካልጨመረ ኪራይ ይሻል ነበር ያሰኛል። ኮንዶ ከሆነ የባለቤቶች ማኅበሩ ማከራየትን ሊከለክል ይችላል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ።

ከተማዋንም እዩ። አንድ ትልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ሌላ ነው፣ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ብቻ የምታሞቀው መንደር ሌላ ነው። በኒውዮርክ ኦሮራ የምትባል መንደር ውስጥ በ1868 የተመሠረተው ዌልስ ኮሌጅ በ2024 ተዘጋ፤ መዘጋቱ የተነገረው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ነው፣ ተማሪው ለፈተና ሲዘጋጅ። በቨርሞንት ፑልትኒም ግሪን ማውንቴን ኮሌጅ በ2019 እንዲሁ ሆኗል። የአሜሪካ ወሊድ ከ2007 በኋላ እየቀነሰ ነው የመጣው፣ የዚያ ዓመት ልጆች ደግሞ በ2025 አሥራ ስምንት ሞላቸው። ትልልቆቹ ተማሪ አያጡም ይሆናል፣ ትንንሾቹ ግን ሽሚያ ውስጥ ናቸው። ትንሽ መንደር ውስጥ ቤት ገዝቶ ኮሌጁ ሲዘጋ ማየት አልፈልግም።

ወሬውን ከየት?

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ምሽት ለከተማዋ ወሬ ስጡ። የትኛው ምንጭ ለምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ስለ አከራዮች ቅሬታና ስለ ኪራይ ጭማሪ የተማሪ ጋዜጣ የሚያህል የለም። አን አርበር በ2009 ብቸኛ ዕለታዊ ጋዜጣዋን ስታጣ፣ ከ1890 ጀምሮ በተማሪ የሚዘጋጀው ሚሺጋን ዴይሊ ግን ነበረ። የሰፈር የፌስቡክ ቡድኖች ለጠፋ ድመትና ለጩኸት ስሞታ ናቸው፤ ቢሆንም አንድ መንገድ ላይ በየሳምንቱ ስሞታ ካያችሁ፣ የመንገዱን ባሕርይ አወቃችሁ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ማንም የማያነበው ነው፤ የከተማው የፕላን ኮሚሽን አጀንዳ። ድረ ገጻቸው ላይ አለ፣ አሰልቺ ነው፣ ከዚህ ሌላ ጉድለት የለበትም። እኔ አዲሱን ፎቅ ስይዝ መስኮቴ ባዶ ፓርኪንግ ያያል፣ ፀሐይ ይገባል። ፓርኪንጉ አጥር ላይ ዝናብ ያጠቆራት አንዲት ማስታወቂያ ተለጥፋ ነበር፣ አላነበብኳትም። ሴፕቴምበር ላይ በጠዋቱ አንድ ሰዓት ብረት ወደ መሬት መትከል ጀመሩ። ማስታወቂያዋ የአሥር ፎቅ ሕንፃ ፈቃድ ነበረች።

ወሬው ከዚህም ሊተልቅ ይችላል። በ2022 በርክሊ ውስጥ የሰፈር ነዋሪዎች ባቀረቡት ክስ ዩኒቨርሲቲው የተማሪ ቁጥሩን እንዳይጨምር ታግዶ፣ ወደ 3 ሺህ ገደማ ቦታ ሊቀንስ ሲል የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በቀናት ውስጥ ሕግ አውጥቶ አስቀረው። የቤት እጥረቱና የጎረቤት ምሬት የት ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ ታያላችሁ።

ስለ ዲፖዚትም እንዲሁ ስቴቱን እወቁ፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ኒውዮርክ ከ2019 ጀምሮ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ አያስይዝም፣ ከወጣችሁ በኋላም በ14 ቀን ሂሳቡን ማሳወቅ አለባቸው። ካሊፎርኒያም ከጁላይ 2024 ወዲህ ከጥቃቅን አከራዮች በቀር አንድ ወር ነው። ሚሺጋን እስከ አንድ ወር ተኩል ይፈቅዳል፤ እዚያ ግን አንድ ረቂቅ ነገር አለ፣ በወጣችሁ በአራት ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። የተዋወቅኳቸው ልጆች አንዳቸውም ይቺን አያውቋትም ነበር። ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በነፃ የሚሠራ የሕግ ቢሮ አላቸው፣ ውሉን ያነቡላችኋል፣ ቀጠሮ ያዙ። በገባችሁ ቀን ደግሞ ቦርሳ ሳትፈቱ ቤቱን በቪዲዮ ቅረጹ፣ የምድጃውን ውስጥና ከአልጋው ስር ያለውን ምንጣፍ ጭምር።

የቤት ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ተማሪው ቤት በሚቀይርበት ሳምንት ከተማው ሁሉ ዕቃውን መንገድ ላይ ይጥላል። ማዲሰን "የሂፒ ገና" ይሉታል፣ ቦስተን "የኦልስተን ገና"። ጠረጴዛ፣ መብራት፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ሁሉም በነፃ። እኔ አሁን የምጽፍበት ጠረጴዛ ከዚያ የመጣ ነው። ሶፋና ፍራሽ ግን ምንም ቢያምር እንዳትነኩ። ትኋኑን ይዛችሁት ነው የምትገቡት።